ዋይፋይ የዘረጋሁበት ክረምት

ባለቤቴን ከቀበርን በኋላ ወደ ሥራ የተመለስኩት ማንም ሳይጠራኝ ነው። ቤት ውስጥ የቀረኝ ነገር ሰው ሲገባ መነሳት፣ ሲቀመጥ መቀመጥ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ሲሉኝ አንገቴን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር። እሱን ቢሮም ሆኜ ላደርገው እችላለሁ ብዬ አንድ ሰኞ ጠዋት ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ጃንጥላዬን ይዤ በዝናቡ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ።

ኮሌጁ መቱ ከተማ ዳር፣ ሱቆቹ አልቀው የቡና ጓሮዎች ከሚጀምሩበት ላይ ነው። እኔ እዚያ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ገመድ እዘረጋለሁ፣ የተበላሸ አስተካክላለሁ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉም የሚደውለው ለእኔ ነው። ባለቤቴ የሁሩሙ ልጅ፣ የግብርና ባለሙያ ነበር። ጉበቱን ታሞ ከዓመት በላይ ተኛ፤ እኔም ከዓመት በላይ አስታመምኩት። መድኃኒት ማስዋጥ፣ ማገላበጥ፣ አንሶላ ማጠብ፣ ሐኪም ቤት ማመላለስ። እሱ እየከሳ ሲሄድ እኔም አብሬው የሆነ ነገሬ እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ ሲያርፍ እንባ ከየት ላምጣ? አይኔ ደረቅ እንደሆነ ቀበርኩት።

ድንኳን ውስጥ ሰው ይህን ልብ አለ። ከዘመዶቻችን አንዷ ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ «ድንጋይ ናት እንዴ? አንድ ዘለላ እንባ የላትም?» አለች። መልስ የሰጧት የሟች እናት፣ አማቴ ናቸው። አማቴ ሁሩሙ ተወልደው ሁሩሙ ያረጁ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩ፣ ቀጫጫ ሴት ናቸው። ሲያለቅሱ ሰንብተው ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር።

«ለቅሶ ከፈለግሽ እኔን ስሚ» አሏት። «እኔ የሁለታችንንም እያለቀስኩ ነው። እንተላ ኮን ተያት፣ ደክሟታል።»

እንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። ከጋብቻችን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። ለቀስተኛው ሲበተን ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ አማቴ ግን ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር አስገብተው «ክረምቱ እስኪወጣ እዚህ ነኝ» አሉ። ቆዩልኝ አላልኳቸውም፣ ሂዱም አላልኳቸውም።

የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሩ ላይ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ምነው ልጄ? ትንሽ ብታርፊ አይሻልም?»

«ሥራ ይስጡኝ ጋሼ።»

 ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የግቢውን ካርታ አወጡ። በክረምት መደበኛ ተማሪዎች ይወጡና ግቢው በክረምት ሰልጣኞች ይሞላል። ከአካባቢያችን ወረዳዎች፣ ከቡሬ፣ ከኡካ፣ ከሁሩሙ፣ ከየገጠሩ ትምህርት ቤት የሚመጡ መምህራን ናቸው። ልጅ አላቸው፣ ከብት አላቸው፣ እርሻ አላቸው፤ ሁሉን ትተው መጥተው ዶርም ያድራሉ። የዚያ ዓመት ንባባቸውም መልመጃቸውም በኢንተርኔት እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ግቢው ውስጥ ግን የነበሩት ሁለት የዋይፋይ መሣሪያዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አዳራሹ በር ላይ፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ስልክ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ግን ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

«እኔ ያሰብኩት» አሉ ጋሼ፣ ጣታቸውን ካርታው ላይ አድርገው፣ «አንድ በጣም ጉልበት ያለው መሣሪያ ገዝተን እዚህ የውሃ ታንከሩ ላይ ብንሰቅለው ግቢውን በሙሉ አይሸፍነውም?»

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ ብዬ ነበር የማስረዳው።

«የመሣሪያው ጉልበት ስልኩ ጋ ይደርሳል ጋሼ። ስልኩ ግን ትንሽ ናት፤ የእሷ መልስ ታንከሩ ድረስ አይመለስም። ደግሞ ቢመለስም ሁሉም ሰው አንድ መሣሪያ ላይ ተራ ይጠብቃል። ብዙ ሰው ካለ ጉልበት አይደለም የሚያስፈልገው። ብዙ ትንንሽ መሣሪያ ነው፣ እያንዳንዱ ጉልበቱ ተቀንሶ፣ ለቅርቡ ሰው ብቻ እንዲሠራ።»

«ጉልበቱን እንቀንሰው ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«እኛ እኮ ደከመ ብለን ነው የምንከሰሰው!» ብለው ሳቁ። እኔ ስላልሳቅኩ ሳቃቸውን አቋረጡት። «እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ዞረሽ እይውና እቅዱን ሥሪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢውን በእግሬ ዞርኩት። አንድ መሣሪያ የሆነ ቦታ ላይ ለጊዜው አቆማለሁ፤ ከዚያ ስልኬን ይዤ ከክፍል ክፍል እየሄድኩ የሚደርሰውን ሞገድ እለካለሁ። ጥሩ የሆነበትን ቦታ በሕንፃዎቹ ንድፍ ላይ አረንጓዴ፣ የደከመበትን ቢጫ፣ የሌለበትን ቀይ አደርጋለሁ። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች በድንጋይ የተገነቡ ናቸው፤ አንዱን ግድግዳ ሲያልፉ አረንጓዴው ቢጫ፣ ሁለተኛውን ሲያልፉ ቀይ ይሆናል። በብሎኬት የተሠሩት ይሻላሉ። በችፑድ የተከፈሉት ቢሮዎች ጭራሽ ግድግዳ የሌላቸው ያህል ነው። መሣሪያውን ኮሪደር ላይ መስቀል ለሠራተኛ ይቀላል፤ ግን ኮሪደሩ አረንጓዴ ሆኖ ሰዎቹ የሚተኙበት ክፍል ቀይ ይሆናል። ስለዚህ በእቅዴ ላይ ወደ ክፍሎቹ አስገባሁት።

ያ ሥራ ተስማምቶኝ ነበር። ግድግዳ አይዞሽ አይልም። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲወቅጠው ሰው ቢናገርም አይሰማም። ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ ማታ ቤት ስገባ አማቴ ያቀረቡልኝን እበላለሁ። ሽሮ ይሁን ጎመን ይሁን ከበላሁ በኋላ ቢጠይቁኝ አላውቀውም። ከዚያ እተኛለሁ። በሕልሜም ምንም አላይም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ስለካ ብቻዬን መሃል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትልቅ አዳራሽ ነው። በአራቱም ማዕዘን አረንጓዴ ነበር። ግን ባዶ አዳራሽና ሰው የሞላው አዳራሽ አንድ አይደሉም። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሞገድ ይውጣል። ስለዚህ እቅድ ሲሠራ እያንዳንዱን ወንበር ሰው እንደተቀመጠበት፣ እያንዳንዱን ሰው ደግሞ አንድ ስልክና አንድ ሌላ መሣሪያ እንደያዘ አድርጎ ማሰብ ያስፈልጋል። ወንበሮቹን እያየሁ በሐሳቤ ሰው አስቀመጥኩባቸው። ውሃ የሞላባቸው ነገሮች አድርጌ ነው ያሰብኳቸው። ያን ሰሞን ሰው ለእኔ ከዚያ ሌላ ምንም አልነበረም።

እቅዱን ጨርሼ ለጋሼ ሰጠሁ። ጎን ለጎን የሚቀመጡት መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይረባበሹ የትኛው በየትኛው ቻናል፣ ማለትም በየትኛው የሞገድ መስመር እንደሚሠራ ሁሉ ለይቼ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ቆንጆ ነው» አሉ። ግዢው ተፈቀደ። መሣሪያዎቹ ሲመጡ ግን ካቀድኩት ያነሱ ሆኑ። ጋሼ ካርቶኖቹን እያዩ ጭንቅላታቸውን አከኩ።

«ከየት እንቀንስ?»

ንድፉን ዘርግቼ አየሁት። ከሁሉ ርቆ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ አጥሩ ሥር ያለው የመጨረሻው የሴቶች ብሎክ ነው። ወደዚያ ረጅም ገመድ በመሬት ውስጥ መቅበር ነበረብን።

«ከዚህ» አልኩና ሰረዝኩት። እርሳሱን መልሼ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ምንም አልመሰለኝም።

ሰልጣኞቹ በገቡ በሳምንቱ አንዲት ሴት ቢሮዬ በር ላይ መጣች። ፕላስቲክ ጫማዋ በጭቃ ተሸፍኗል። ወለሉን እንዳታቆሽሽ ብላ ከደጃፉ አላለፈችም።

«ይቅርታ፣ የኢንተርኔቱ ባለሙያ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ግቢ።»

«እዚሁ ይበቃኛል። የመጨረሻው ብሎክ ነው ያለሁት። እኛ ጋ መቼ ነው የሚገባው ብዬ ልጠይቅ ነው።»

ከኡካ የመጣች መምህርት ነበረች። ገና መናገር የሚማር ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው። እናትየው ቤት አጠገብ ስልክ ያላት የወንድሟ ሚስት አለች፤ በቪዲዮ ልጁን ልታሳያት ተስማምተዋል። ብሎኩ ውስጥ ግን የስልክ መስመሩም ይቆራረጣል። አጥሩ ሥር አንድ ከፍ ያለች ቦታ አለች፤ ሴቶቹ እዚያ ጭቃው ላይ ተሰልፈው ጃንጥላ እየተዋዋሱ ነው የሚደውሉት።

«ድምፁን እሰማዋለሁ» አለችኝ። «ግን እንዳይረሳኝ ፊቴን እንዲያየኝ ነው የፈለግኩት።»

«መሣሪያው አልበቃም» አልኳት። «የመጨረሻው ብሎክ ዘንድሮ የለበትም።»

ትለምነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልለመነችኝም። «እሺ፣ ገለቶሚ» ብላ አመስግናኝ ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች። የጫማዋ ጭቃ ደጃፉ ላይ ቀረ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ቡሬ ላኩኝ። ኮሌጁ ቡሬ ላይ የማታ የሚያስተምርበት ቤት አለው፤ እዚያ ላለው አንድ ክፍል የሚሆን ቦታ አይቼ መሣሪያ ሰቅዬ እንድመለስ ነው። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ግን መሰርሰሪያው ስቶ ግድግዳውን ሲያፈርሰው የያዝኩት ፊሸር፣ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ አነሰኝና ልገዛ ወደ ገበያው ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ባለቤቴ ቡሬ ለሥራ በመጣ ቁጥር እሳቸው ሱቅ ተቀምጦ እንደሚያወራ፣ አንድ ሁለቴ እኔም አብሬው እንደመጣሁ ያስታወስኩት ፊታቸውን ሳይ ነው።

እሳቸውም አወቁኝ። ዝናብ ልብስ ደርቤ ስለነበር ጥቁሩን አላዩም።

«አንቺ ጠፋሽ እኮ!» አሉ። «ያ ሰውዬስ? ምነው ቡሬን ረሳት? ደህና ነው?»

ፊሸሩን በእጄ ይዣለሁ። አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ።

«ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው።»

«በይ ሰላም በይልኝ። የነገርኩትን የማር ቀፎ እንዳይረሳ በይው።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

ከሱቁ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ሰው በጃንጥላ ይሄዳል፣ ባጃጅ ጭቃ ይረጫል። የተናገርኩት ነገር ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የውሸት ስሜት አልተሰማኝም። ተመልሼ ገብቼ ልንገራቸው አሰብኩና እግሬ እንቢ አለኝ። ክፍሉ ውስጥ መሣሪያውን ሰቅዬ፣ ሞክሬ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ መቱ ገባሁ።

ራት ላይ ለአማቴ ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ብዙ ቀን ከእህልና ውሃ ያለፈ ወሬ አውርተን አናውቅም ነበር።

«ቡሬ ላይ አንድ ሰው እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ።»

ጉርሻቸውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ አቆሙ። «ማንን?»

«እሱን።»

«ምን አልሻቸው?»

«ደህና ነው አልኳቸው።»

አማቴ ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዝናቡን እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ቡሬ ላይ ገና አልሞተም። ተዪው፣ እዚያ ትንሽ ይቆይ።»

ከዚያ ሳቅ መጣባቸው። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባቸው፣ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ እጄን ትከሻቸው ላይ አደረግኩ። ትከሻቸው ትንሽ ነበር፤ ይሞቃል። መሞቁን ልብ አልኩት።

በነጋታው ስብሰባ ነበር። በእቅዱ ላይ ለአስተዳደር ሕንፃው የተያዙት መሣሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ የአስተዳደር ሰዎች እንዲጨመርላቸው ጠይቀው ነው። ከአስተዳደር በኩል የመጡት ሰውዬ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ ሰላም ይሉኛል።

«በየቢሮው አንድ አንድ ቢሆን ጥሩ ነው» አሉ። «ለክብርም ነው።»

«ቢሮዎቹ እስከ ጠረጴዛቸው ድረስ ገመድ ገብቶላቸዋል» አልኩ።

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«እንግዳ ሲመጣ ገመዱን ይሰኩለት።»

አንድ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ትኩሳት የያዘኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መናደዴን አወቅኩ። ያስታመምኩበት ዓመት ሁሉ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ድንኳኑ፣ ቀብሩ ያላመጣው ቁጣ በቢሮ ዋይፋይ ምክንያት መጣ።

«ለመጨረሻው ብሎክ አንድም የለም» አልኩ። ድምፄ ከክፍሉ ይበልጥ ነበር። «ከየወረዳው የመጡ እናቶች አጥር ሥር ጭቃ ላይ ተሰልፈው ነው ልጃቸውን የሚያናግሩት። ሕንፃዎን ለክቼ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ቢነሳበትም አንድም ቢጫ ቦታ አይኖረውም። ሦስቱ ወደ ታች ይወርዳሉ።»

«ያ ብሎክ እኮ እቅዱ ላይ የለም» አሉ ሰውዬው ወረቀቱን እያገላበጡ።

«እቅዱን የምሠራው እኔ ነኝ። አሁን አለ።»

 ሰውዬው ወደ ጋሼ ዞሩ። ጋሼ ብዕራቸውን እያሽከረከሩ «እሷ ያለችው ይሁን» አሉ። 

ስንወጣ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«ጮኽሽ እኮ።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«አይ፣ አይ። ምን ይቅርታ አለው? ድምፅሽን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።» ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ዝናቡ ወጡ።

ገመዱን ከሁለት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጋር ሆነን በቁልቁለቱ ቀበርነው። ቦዩ እየቆፈርነው ውሃ ይሞላል፣ የዋንዛው ሥር መንገድ ይዘጋል፤ ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ አስገብተን ነው ያወረድነው። መብራት በመቱ ክረምት እንደፈለገ የሚሄድ ስለሆነ ባትሪም አደረግንለት። ሦስቱን መሣሪያዎች ክፍሎቹ ውስጥ ሰቀልናቸው።

የአዳራሹን ሥራ ስንሞክረው ግን ከሸፈ። ሰልጣኞቹ ሁሉ ገብተው ተቀመጡ፣ ስልካቸውን ከፈቱ፤ የግማሹ አዳራሽ ኢንተርኔት ቆመ። ጋሼ ከመድረኩ ሥር ሆነው አዩኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሳይ በሩ ጋ ያለው መሣሪያ በሰው ተጨናንቋል፣ ውስጥ ያሉት ደግሞ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ሰዎቹ ሲገቡ ስልካቸው መጀመሪያ ያገኘውን ያዘና፣ መሃል ድረስ ገብተው ሲቀመጡም አልለቅም አለ። ስልክ እንዲህ ነው፤ አጠገቡ የተሻለ እያለ የመጀመሪያውን ሙጭጭ ይላል። የበሩን መሣሪያ ጉልበት ቀነስኩት፤ ደክሞ የሚደርሰውንም ስልክ እንዲለቅ አደረግኩት። ከፊት ረድፍ አንድ መምህር «ተቋረጠብኝ!» ብለው ጮኹ። «ይጠብቁ፣ ራሱ ይመለሳል» አልኳቸው። ተመለሰ። ቀስ በቀስ ሰው በየመሣሪያው ተደላደለ። ጩኸት የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ማንበብ ጀመረ።  ጥግ ላይ ቆሜ የብዙ ሰው ትንፋሽና የረጠበ ልብስ ሽታ ሸተተኝ። ምናልባት ሁልጊዜም ይሸት ነበር፤ እኔ ነኝ ያላሸተትኩት።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ብሎክ ወረድኩ፤ እንደታቀደው መሥራቱን ለማየት። የኡካዋ መምህርት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋለች። ስታየኝ በእጇ ጠራችኝ።

«ነይ፣ ነይ እይው!»

ጎኗ ተቀመጥኩ። ስልኩ ውስጥ አንድ ግቢ ይታያል፤ የወንድሟ ሚስት ስልኩን ይዛ ልጁን ታባብላለች። «እማዬ ናት፣ እያት፣ እያት!» ልጁ ወደ ስልኩ አንዴ እንኳ አልዞረም። የሚያባርራት ዶሮ ነበረችው። ዶሮዋ ወደ አጥሩ ሄደች፣ እሱም ተከትሏት ሄደ። ለብዙ ጊዜ ያየነው ጀርባውን ነው።

ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ትከሻዬን እየመታች ሳቀች። «ተዪኝ እስቲ! ፊቴን እንዳይረሳ ብዬ፣ እሱ ጀርባውን አሳየኝ! ግን አየሽ እግሩን? ወፍሯል። እናቴ ጥሩ አድርጋ ነው የምታበላው።»

«ወፍሯል» አልኩ። አላውቀውም እኮ፤ በፊት ምን ያህል እንደነበር አይቼው አላውቅም። ግን ወፍሯል አልኩ።

ክረምቱ አልቆ ሰልጣኞቹ ሻንጣቸውን ጭነው ወደየወረዳቸው ሄዱ። መደበኛ ተማሪዎች ገቡ። መስቀል ሊሆን ሲል አማቴ ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር አወጡ።

«ቤቴ ሳር በቅሎበታል» አሉ። «ልሂድ።»

ሲመጡ ቆዩልኝ ያላልኳቸው ሴት፣ አሁን ቢቆዩ ወደድኩ። ግን አፌ አልታዘዘልኝም፤ ሻንጣውን ብቻ ተቀበልኳቸው። መነሃሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብለው እጄን ያዙ።

«ቡናው ሊደርስ ነው። ለቀማ ላይ ሰው ያንሰኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኩ።

ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ሥራ ነበሩ፤ እለቅማለሁ፣ ምሳ እበላለሁ፣ እለቅማለሁ፣ በሚኒባስ እመለሳለሁ። የሁሩሙ ጎረቤቶች ሲያዩኝ አዲስ ለቅሶ ያነሳሉ፤ እኔ እንደለመድኩት አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። አማቴ አንዱን ዛፍ ይዘው፣ እኔ ቀጥሎ ያለውን ይዤ፣ በመሃላችን ቅጠል ብቻ ሆኖ እንሠራ ነበር። የቀይ ቡና ልጣጭ ጭማቂ እጅ ላይ ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ጣቶቼን አንድ ላይ አድርጌ ስለያያቸው መላቀቃቸው ይሰማኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጌ ስለቅም እንባዬ ወረደ። ስለ እሱ እያሰብኩ አልነበረም። ስለምንም እያሰብኩ አልነበረም። መጀመሪያ ላብ መስሎኝ በክንዴ ጠረግኩት፤ ከዚያ ድምፅ ወጣኝ። ቅርንጫፉን እንደያዝኩ፣ እንዳልለቀው ተጠንቅቄ፣ ረጅም ጊዜ አለቀስኩ።

አማቴ ከቅጠሉ ማዶ ሰምተውኛል። እጃቸው ለአፍታ ቆመና ቀጠለ፤ ቡናው ቅርጫታቸው ውስጥ ሲወድቅ ይሰማኛል። ጠርተውም አላጽናኑኝም። ዛፋቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ዛፍ መጡና ያልደረስኩበትን ላይኛውን ቅርንጫፍ ጎትተው ያዙልኝ።

«ይሄኛው በስሏል» አሉ። «ልቀሚው።»